የከዋክብቱ ካርድ

ጊዮርጊስ አጠገብ አንድ ሱቅ ውስጥ የፖስት ካርድ መደርደሪያውን ሳዞረው ሲጥ አለ፤ ልክ እንደ አባባ ሱቅ መደርደሪያ። የከዋክብት ደመና ፎቶ ያለበት ካርድ አነሳሁ።

ልጅ ሆኜ፣ ለእንቁጣጣሽ ሰው ሁሉ አደይ አበባ ያለበትን ሲሻማ፣ እንዲህ ዓይነቱን ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። እኔ ግን ነጩ ደመና በጥቁሩ ሰማይ ላይ ስላማረኝ ለታመመችው እናቴ ወሰድኩላት። እማዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ፣ እንደ ራጅ ፊልም አየችው።

«አባትሽ የደበቀኝን ከየት አገኘሽው?» አለችኝ።

«ሰማይ ነው እማዬ። ካርድ እኮ ነው።»

«እሺ» ብላ ነጩን ቦታ በጣቷ ነካች፤ ቀጥላ ደረቷን። ብምል ብገዘት አላመነችኝም።

«እህቴ፣ ካርድ እኮ ነው፤ ምን ታየሽ?» አለኝ የጊዮርጊሱ ባለሱቅ።

ለካ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጌ ይዤዋለሁ።