ዕቃው ሥራ ላይ ነው

ባለፈው ሳምንት ከለቡ ወደ ቤቴ ስመለስ በአንድ ገና በሚሠራ ሕንፃ አጠገብ አለፍኩ። ከመስታወቱና ከብረቱ ሥር፣ ለዘበኛው ጎጆ መምረጊያ የሚሆን ጭቃ ከጭድ ጋር ተረግጦ ተቀምጧል። ዝናብ መትቶት ነበር። የቦካ ጭቃ ሽታ ታውቀዋለህ? የጠላ ጥንስስም የከብት በረትም ይሸታል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ዘበኛው "እህቴ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?" አለኝ። "የለም" ብዬው መንገዴን ቀጠልኩ። ጭቃ ላይ ቆሜ እናቴ ትዝ አለችኝ ብለው ምን ይለኛል?

እናቴ የፒያሳ ልጅ ነበረች። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ አባቴ ከፒያሳ የኪራይ ክፍላችን አንስቶ ሀና ማርያም አካባቢ ወደ ሠራት የጭቃ ቤት አመጣን። አባቴ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ግቢ ውስጥ ኖሮ ስለ ነበር "የራሴ ደጃፍ" የሚለውን ቃል ሲናገር ድምፁ ይለሰልሳል። ደጃፉ ግን ደጃፍ አይመስልም። በዚያ ዘመን ሀና ማርያምን ከተማ ናት ብትል ጅቡም ይስቅብህ ነበር። ታክሲው ጋርመንት የሚባለው ቦታ ላይ ያራግፈናል፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ክረምት ሲሆን መረሬው ጭቃ ጫማችንን ከእግራችን ይነጥቀናል። ማታ እንቁራሪቱ፣ ጠዋት የማርያም ደወል፣ በመካከሉ ደግሞ የእናቴ ዝምታ።

እናቴ አንድ ቃል ነበራት፦ "ለጊዜው ነው።" አባቴ ጓሮው ላይ ጎመን እንትከል ሲላት ለጊዜው ነው። ግድግዳውን ጋዜጣ እንለጥፍበት ሲላትም ለጊዜው ነው። ከሠርጓ ጀምሮ የሰበሰበቻቸው ሳህኖችና ብርጭቆዎች ከፒያሳ እንደ መጡ በጋዜጣ ተጠቅልለው፣ በካርቶን ታሽገው፣ በሲባጎ ታስረው ከግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። እኛ በፕላስቲክ ሳህን እንበላለን። ያ "ለጊዜው" ዓመት ሞላው።

ልዋሽህ አልፈልግም፣ እኔም የእሷ ወገን ነበርኩ። የፒያሳ የኬክ ቤቶች ሽታ በሕልሜ ይመጣብኝ ነበር። ትምህርት ቤት የት ትኖሪያለሽ ሲሉኝ ጥያቄውን እንዳልሰማ ሰው ወደ ሌላ ወሬ እገባለሁ።

ከአጥራችን ማዶ ወተት የምታመጣልን ሴት ትኖር ነበር። የአካባቢው ተወላጅ ናት፤ እኛ ሳንመጣ፣ አባቴም ቆርቆሮውን ሳይመታ፣ አያቶቿ እዚያ መስክ ላይ ከብት ያሰማሩ ነበር። አማርኛዋ ላይ ኦሮምኛዋ ጣል ጣል ይላል። ከእናቴ ጋር እኩዮች ነበሩ። እናቴ ወተቱን ትቀበላለች፣ ታመሰግናለች፣ ሴትዮዋ ቤት ገብታ ግን አትቀመጥም። አክስቴ እንግድነት የመጣች ቀን "ለምን አትቀርቢያትም?" ብትላት "ከተላመድኩ መሄድ ይከብደኛል" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ያቺው አክስቴ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ወሬ ይዛ መጣች። የድሮው ግቢያችን ውስጥ ሁለት ክፍል ተለቋል፣ ባለቤቲቱም ለእናታችሁ አቆይላታለሁ ብላለች፤ ቅዳሜ ፒካፕ እልካለሁ አለች። እናቴ የዚያን ዕለት ለአባቴ ነገረችው። ብዙ አልተነጋገሩም።

"ልጆቹስ?" አላት።

"ከእኔ ጋር።"

"እኔስ?"

"ሥራህ እዚህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለህ።"

አባቴ አልተቆጣም። ቦቲውን አድርጎ የቤቱን ዙሪያ የውሃ መሄጃ ሊያጸዳ ወጣ። በቃል የማይፈታ ነገር ሲገጥመው አካፋ ያነሳል። በመስኮት ሳየው ደስታዬ ጎደለብኝ፤ ፒያሳ ከነኬኩ፣ ከነመብራቱ፣ ያለ አባቴ ምን እንደሚመስል እስከዚያች ሰዓት አስቤው አላውቅም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለው ሰው ቢጮህም አትሰማውም። ጓሮ በኩል ያለው ግድግዳችን ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ከርሟል፤ ያን ቀን ቀስ ብሎ፣ እንደ ደከመው ሰው፣ ወደ ውጭ ተኛ። ማንንም አልነካም። በረዶው አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ሮጦ መጣ። መጥቶም ቤታችንን ከነጓዳው አየ። አልጋው፣ የተንጠለጠለው ልብስ፣ ከሁሉም በላይ ካርቶኖቹ፤ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ መንገደኛ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ዓመት ሙሉ አብረናቸው ኖረን አንድ ቀን እንኳን እንዳልተራገፍን እዚያ ለቆመ ሰው ሁሉ ተገለጠ። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ወተት የምታመጣልን ሴት ካርቶኖቹን አየች፣ እናቴን አየች። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "አያችሁ ብልህ ሴት!" አለች። "ክረምቱ እንዲህ እንደሚያደርግ አውቃ ዕቃዋን አስራ አስቀመጠች። አንድ ብርጭቆ አልተሰበረም። ጋሪዳ!" በቋንቋዋ ደግ ነው ማለቷ ነው። ሰውም "እውነትም" አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። የሰፈራችን ባለሱቅ፣ ስልጤው፣ ከሱቁ ላስቲክ አምጥቶ "ዋናው የሰው ደኅና መሆን ነው፣ አልሐምዱሊላህ" እያለ ከአባቴ ጋር ክፍተቱን ሸፈነ። በክረምት ግድግዳ አይመረግም ብሎ የተከራከረ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። ያን ምሽት አፈሩ ተቆፈረ፣ ጭድ ከሴትዮዋ ክምር መጣ፣ ውሃ ተደፋበት። ጭቃው ቦክቶ እስኪደርስ ምርጊቱ ለቅዳሜ ተቀጠረ። ቅዳሜ ማለት ፒካፑ የሚመጣበት ቀን ነው።

ቅዳሜ ፀሐይ ወጣች። ወንዶቹ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጭቃው ውስጥ ገቡ፣ ወተት የምታመጣልን ሴትም ቀሚሷን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ አብራ ትረግጣለች፣ እየረገጠች ታስቃቸዋለች። እኛ ልጆች ጭቃውን እያድበለበልን እናቀብላለን። አንዱ እፍኝ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ለምርጊት የመጣ ሰው ደግሞ ሳይበላ አይሸኝም። እናቴ ከማለዳ ጀምራ ትልቅ ድስት ሽሮ ጥዳለች፣ ጠላው ከሴትዮዋ ቤት መጥቷል። የቀረው ማቅረቢያ ብቻ ነው።

"ሳህን ከቤት ላምጣልሽ?" አለች ሴትዮዋ በላስቲኩ በኩል አንገቷን አስገብታ።

እናቴ ማማሰያዋን ይዛ ቆመች። ፕላስቲኮቹ አራት ናቸው፣ ሰዉ ግቢውን ሞልቶታል። የፒያሳ ልጅ ናት እንዳልኩህ፤ እንግዳ ጠርታ በተውሶ ሳህን አታበላም። ቢላዋ አምጪ አለችኝ። አመጣሁላት። ሲባጎውን በጠሰችው። የመጀመሪያውን፣ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሁሉንም። ጋዜጣው ወለሉ ላይ ተከመረ፣ አበባ ያለባቸው ሳህኖች ከዓመት በኋላ ብርሃን አዩ፤ እኔም ስንት እንደነበሩ ረስቼ ኖሯል። እንግዲህ ኩራት ኃጢአት ነው ይላሉ። የእኛን ቤት ያተረፈው የእናቴ ኩራት ነው።

ሰዉ መብላት እንደ ጀመረ ፒካፑ እያንኮራፋ መጣ። ሾፌሩ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ "እትዬ፣ የሚጫነው ዕቃ የቱ ነው?" አለ። ጉርሻ አፍ ላይ ቆመ። አባቴ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ አልዞረም። እናቴ ሾፌሩን አየችው፣ ከዚያም እያንዳንዱ እጅ ላይ ያለውን ሳህኗን አየች።

"ዕቃውማ ሥራ ላይ ነው" አለች። "ውረድ፣ እጅህን ታጠብና ብላ።"

ሰዉ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። መርጎ የጨረሰውን ቦታ እንደገና መዳፉን እያሳረፈ ያለሰልሰው ጀመር።

አመሻሹ ላይ እናቴ የጠላውን ማሰሮ ልትመልስ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት። በዚያ ቤት ውስጥ ስትቀመጥ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ጥጆቹ ከበስተጀርባ ይተነፍሳሉ። እናቴ ያ ካርቶን ለክረምቱ የታሰረ እንዳልነበረ ተናገረች።

"አውቃለሁ እኮ" አለች ሴትዮዋ። "ዓመት ሙሉ ጎመን እንኳን አልተከልሽም። ምኑ ይጠፋኛል?"

"ልሄድ እንደሆነ እያወቅሽ ነው ያን ሁሉ ጭቃ የረገጥሽው?"

"ብትሄጂስ? ባልሽ እዚያ ያድር የለ? ይብረደው እንዴ?"

ስንመለስ እናቴ በመንገድ ላይ አለቀሰች። አጭር መንገድ ናት፣ ግን አለቀሰችባት። ቤት ስንገባ አባቴን "እዚሁ እንኖራለን" አለችው። እሱም "እሺ" አለ። ግድግዳው ገና እርጥብ ነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ ሸተተን።

ኖርንም። ዛሬ ያደግሁበት ስፍራ የት ነው ቢሉኝ አፌን ሞልቼ የምናገረው ያንን ነው፣ አምላኬንም ስለ እሱ አመሰግናለሁ። ግን እንደ እኛ ያለው ከተሜ እየበዛ መጣ። አስፋልቱ ገባ፣ መስኩ ድንጋይ ተነጠፈበት፣ የሴትዮዋ ላሞች የሚውሉበት ጠፋ። አንድ በጋ ከብቶቿን ሸጣ ከልጆቿ ጋር ከከተማው ወዲያ ሄደች። መጀመሪያ በዓል ሲመጣ ቅቤ ይዛ ትመጣ ነበር፣ እናቴ ቀኑን ሙሉ አትለቃትም። በኋላ ከዚያም ሌላ ቦታ ተዛወሩ ሲባል ሰማን። ከዚያ ወዲያ የሰማ የለም።

እናቴን ሀና ማርያም ቀበርናት። ፒያሳ ውሰዱኝ ብላ አንድም ቀን አልተናገረችም። ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ፤ ባለሱቁ እንኳን ጢሙ ነጭ ሆኖ፣ በልጁ ተደግፎ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ ነበር። ወተት ታመጣልን ለነበረችው ሴት ግን መርዶ የሚያደርስ አልተገኘም፣ የት እንደምትኖር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ እሷ በሕይወት ካለች፣ የትም ትሁን የት፣ ለእሷ እናቴ ዛሬም እዚያው ቤት ውስጥ ናት።