አንዲት ሴት ሳይጠይቅ

ለተሥላሴ ልብ ወለድ የምታነበው ለመጣላት ነው ይላል የሻምበል። የሻምበል ሰቆጣ መናኸሪያ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ መጽሐፍ ያከራያል። ከደሴ አዲስ መጽሐፍ በመጣለት ቁጥር መጀመሪያ የሚሰጠው ለእሷ ነው። እሷ ልብስ በምትሰፋበት በረንዳ ላይ መጽሐፉን የስፌት መኪናዋ ላይ አስደግፋ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሁሉ ታነባለች። እርሳሷ ከጆሮዋ አይወርድም። አንብባ ስትመልሰው የገጹ ጠርዝ በሙሉ ጠቁሮ ይመጣል።

መጀመሪያ ላይ የሻምበል ተቆጥቷት ነበር። በኋላ ግን ተከራዮቹ «የለተ ያለበትን ስጠኝ» ማለት ሲጀምሩ ዝም አለ። ልጅቱ የጻፈችውን ስድብ ለማንበብ ብቻ መጽሐፍ የሚወስድ ሰው መጣ።

«ሟቹ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሞቶ አምስተኛው ላይ ተረሳ» ትላለች አንዱ የወንጀል ልብ ወለድ ላይ። «አልቃሽ የለ፣ ቀባሪ የለ፣ አርባው አልወጣ። ይህ ሰው እናት አልነበረውም?» ዝቅ ብላ ደግሞ፣ «የባለቤቷ ደም ሳይደርቅ መርማሪው ዳሌዋን ያያል። ጸሐፊው እህት የለውም መሰለኝ።» ቋንቋው ያምራል ተብሎ በሬዲዮ የተወደሰ ሌላ መጽሐፍ ላይ ደግሞ እንዲህ ብላለች፦ «ስለ ጨረቃ አራት ገጽ። ሬሳው እኮ ሜዳ ላይ ነው፤ ጅብ ይበላዋል።»

ሰው ይስቃል። እሷ ግን ለማሳቅ ብላ አትጽፍም። እርሳሱ ወረቀቱን የቀደደበት ቦታ አለ።

ወንድሟ ወርቅአገኘሁ የተገደለው ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። ወደ አምደወርቅ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ መንደራቸው አለ። ከመንደሩ በታች መንገዱ ወንዝ ይሻገራል። ከሰቆጣ ገበያ ሲመለስ መሸበት፤ በማግሥቱ ከመሻገሪያው አጠገብ፣ ራሱን ከኋላ በዱላ ተመትቶ ተገኘ። ገንዘቡም፣ የገዛው ጨውም አብሮት ነበር። ስለዚህ ገዳዩ ሌባ እንዳልሆነ ሁሉም አወቀ። ከዚያ በላይ ግን ማንም ምንም አላወቀም።

አገሩ እንደ ልማዱ አውጫጭኝ ጠራ። የቀበሌው ወንድ በሙሉ መንደሩ ዳር ካለው ወይራ ሥር ወጥቶ ተቀመጠ። ገዳዩ እስኪወጣ ወይም ያየ ሰው እስኪናገር ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ቄሱ መስቀል ይዘው ገዘቱ፤ ወንዱ አንድ በአንድ እየተነሳ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ማለ። ብዙ ሰንበት እንዲህ ተቀመጡ። በመጨረሻ እርሻው ጠራቸው፤ ተበተኑ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፤ አገር ሙሉ ሲሞት ስለ አንድ ሰው ሞት የሚጠይቅ አልነበረም። ለተሥላሴም ከተማ ገባች፣ ስፌት ተማረች፣ የወንጀል ልብ ወለድ ማንበብ ጀመረች። በመጽሐፍ ውስጥ ገዳይ ይያዛል። ለዚያ ነው የምታነበው። በቀላሉ ስለሚያዝ ደግሞ ትናደዳለች።

ባለፈው ጥቅምት የሻምበል አንድ መጽሐፍ ሰጣት። አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ተገድሎ ይገኛል፤ ከአዲስ አበባ መርማሪ ይመጣል፤ መርማሪው ብዙ ያስባል፣ ብዙ ያጨሳል፣ ከልጅነቱ ጋር ብዙ ይነጋገራል። በመጨረሻ የሰበሰበውን ወረቀት ሁሉ ያቃጥልና ይመለሳል። ገዳዩ አይታወቅም። የጀርባው ሽፋን ላይ «ደፋር አጨራረስ፤ ፍርዱን ለአንባቢ የተወ» የሚል ተጽፏል።

ለተሥላሴ በዚህ መጽሐፍ ጠርዝ ላይ አልጻፈችም። ይዛው ወደ ሱቁ ሄደች።

«ምነው፣ እርሳስ አለቀብሽ እንዴ?» አላት የሻምበል።

«ይህን ለመጻፍ ምን ድፍረት ያስፈልጋል? ገዳዩን ሳያውቁ ማደር ድፍረት ከሆነ የእኔ እናት ጀግና ናት።»

«ሥነ ጽሑፍ ነዋ።»

«ሥነ ጽሑፍ አትበለኝ። ደክሞት ነው የተወው። እንደኛዎቹ።»

የሻምበል እንደኛዎቹ ያለችው ወይራው ሥር ተቀምጠው የተበተኑትን እንደሆነ ገባው። «እሑድ እንወያይበታለን» ብቻ አላት። «ነይና እዚያ ተጣይ።»

ውይይቱ የሚካሄደው በወጣቶች ማዕከል አዳራሽ፣ እሑድ ከሰዓት ነው። የሻምበል ደንበኞች ይመጣሉ፤ አስተማሪዎች፣ ተማሪዎች፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች። አያ ምንዋጋውም አይቀሩም። አያ ምንዋጋው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የእነ ለተሥላሴ መንደር ሰው፣ የአገር ሽማግሌ። ያን ጊዜ አውጫጭኙን የመሩት እሳቸው ናቸው። ለተሥላሴ መንገድ ላይ ስታገኛቸው ጎንበስ ብላ ሰላም ትላቸዋለች፤ ከዚያ በላይ ቃል ተለዋውጣቸው አታውቅም።

የዚያን ቀን አዳራሹ ሞቀ። አንዱ ገዳዩ የወፍጮው ሠራተኛ ነው አለ። ሌላው ወንድምየው ነው፣ ለቀብር ሲመጣ ጫማው ንጹሕ ነበር አለ። አንድ የፊዚክስ አስተማሪ ተነሥቶ የሬሳውን አወዳደቅ በእጁ እያሳየ አስረዳ፤ «አንተ ራስህ ሳትሆን አትቀርም፣ አብዝተህ አወቅኸው» ብለው ሳቁበት። ለተሥላሴ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ይህ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ላልተወለደ ሰው ገዳይ ይፈልጋል።

አያ ምንዋጋው በመጨረሻ ተናገሩ። ሲናገሩ እንደ ክፍል ውስጥ ጣታቸውን ያነሣሉ።

«እኔ የሚገርመኝ መርማሪው ነው» አሉ። «ጎበዝ፣ ወፍጮ ቤት ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ የሚውለው ማን ነው? ሴት ነው። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን መቼ እንደገባ የሚያውቀው ማን ነው? ሴት ነው። ይህ ሰው ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ሲዞር አንዲት ሴት ሳይጠይቅ ተመለሰ። ጸሐፊው ሞኝ ነው ወይም መርማሪው ሞኝ ነው።»

ሰው አጨበጨበ። የሻምበልም አጨበጨበ፤ ከዚያ ለተሥላሴ ቆማ ስላያት እጁ አየር ላይ ቀረ።

«አያ ምንዋጋው፣» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ፤ በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ስንት ሴት ጠየቁ?»

ሽማግሌው አልገባቸውም። «ምኑን ልጄ?»

«የወንድሜን።»

ከፊት የተቀመጡት ወደ እሷ ዞሩ።

«ወይራው ሥር ስንት ሰንበት ተቀመጣችሁ? ወንዱ ሁሉ ይውጣ ተባለ፤ ወጣ። ሴቱ ምን ይሠራ ነበር? እንጀራችሁን ጋግሮ፣ ውኃችሁን ተሸክሞ ያመላልስላችሁ ነበር። እኔም አመላልሻለሁ። ለእርስዎም ውኃ ሰጥቼዎታለሁ። አጠገባችሁ ቆመን እናንተ ያየ ሰው ፈለጋችሁ። አሁን የወረቀቱን መርማሪ ሞኝ ይሉታል።»

«ልማዱ ነው ልጄ» አሉ አያ ምንዋጋው ቀስ ብለው። «ሴት ከደም ነገር ውስጥ አትገባም። እናንተን ለመጠበቅ ነው።»

«ከምን ጠበቃችሁን?»

ይህን ስትል ከግድግዳው ሥር አንዲት ሴት ተነሣች። ውዴ ትባላለች፤ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች፤ ከየሻምበል ዘንድ የፍቅር መጽሐፍ ነው የምትወስደው። ያደገችው ከወንዙ መሻገሪያ በላይ ባለው ቤት ነው።

«እኔን አልጠየቁኝም» አለች።

ውዴ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ቀጠለች፦ «ለአባቴ ነግሬው ነበር። አርፈሽ ተቀመጭ አለኝ። እሱ ሄዶ አላየሁም ብሎ ማለ። ያላየው እውነቱን ነው። ያየሁት እኔ ነኝ። ያን ለት ውኃ ልቀዳ ወርጄ…»

«ተይ» አለቻት ለተሥላሴ።

ውዴ ደነገጠች።

«ስሙን እዚህ እንዳትጠሪው። ለእኔም እንዳትነግሪኝ።» ለተሥላሴ ታናሽ ወንድሟ የኔሰው የጦር መሣሪያ ከጦርነቱ ይዞ መመለሱን፣ መልሶ ለመንግሥት አለማስረከቡን ታውቃለች። ይህ ስም ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ከመምሸቱ በፊት የት እንደሚደርስ ታውቃለች። «አያ ምንዋጋው፣ አይታ ያልተጠየቀች ሴት እንዳለች ሰምተዋል። እንደ ልማዱ አውጫጭኙን ይጥሩት። ቄሱም ይምጡ፣ ፖሊስም ይምጣ። ሴቱም ይቀመጥ። እንጀራ ይዞ ሳይሆን እንደ ወንዱ ይቀመጥ።»

መጽሐፉ የሽማግሌው ጭን ላይ ነበር፤ አንሥተው ወንበር ላይ አስቀመጡት።

«እጠራለሁ» አሉ።

ማታ የኔሰው በረንዳዋ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ወሬው ቀድሟት ደርሶ ነበር።

«ስሙን ንገሪኝ።»

«አላውቀውም።»

«ነግራሻለች።»

«ልትነግረኝ ስትል አፏን የያዝኳት እኔ ነኝ።»

ሳቀባት፤ ክፉ ሳቅ ነው። «የሰው መጽሐፍ መጨረሻ ለማወቅ ትሞቻለሽ። የወንድምሽ ሲሆን ፈራሽ።»

«አዎ ፈርቻለሁ። አንተንም እንዳልቀብርህ ፈርቻለሁ። ብትቆጣ ተቆጣ፤ እኔ ካንተ በላይ ተቆጥቻለሁ፤ ግን መሣሪያ የለኝም። ያንተን አምጣና ሳጥኔ ውስጥ ልቆልፍበት፤ አለዚያ ሰንበት አትመጣም።»

ሲነጋ ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልሎ አምጥቶ እግሯ ሥር ጣለው።

ሰንበት ደረሰ። ወይራው ሥር እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ሆኖ አያውቅም። ሴቶቹ መጀመሪያ መቀመጥ አልፈለጉም፤ ራቅ ብለው ቆሙ። አንዱ ጎልማሳ «ዛሬ ምሳ ማን ያመጣል?» ብሎ ቀለደ፤ የለተሥላሴ እናት ዞር ብላ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ የሆነ ነገር ስትለው ጎንበስ አለ። ከዚያ እሷ ቀድማ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ከሰቆጣ የመጡ ሁለት ፖሊሶች ዳር ቆሙ፤ ቄሱ ገዘቱ። አያ ምንዋጋው ተነሥተው «ዛሬ የምንጀምረው ከሴቶቹ ነው» አሉ። ድምፃቸው ደከም ያለ ነበር።

ውዴ ተነሣች። ፈርታ ስለነበር በፍጥነት ተናገረች። ያን ለት ጀምበር ጠልቃ ሳይጨልም ከመሻገሪያው በላይ ውኃ ስትቀዳ፣ አንድ ሰው ከታች ዱላውን በአሸዋ ሲያሽ አየች። ዱላውን ካጠበ በኋላ ጋቢውን አውልቆ አጠበ፤ ብርዱ እያንቀጠቀጠው እርጥቡን መልሶ ለበሰው። ብርድ ላይ እርጥብ የሚለብስ ሰው አይታ ስለማታውቅ ነው ትኩር ብላ ያየችው። በማግሥቱ ሬሳው ሲገኝ ገባት።

«ማን ነው?» አሉ ቄሱ።

«ደግሰው ነው።»

ደግሰው ከወንዶቹ መካከል ተቀምጧል። ማሳው ከእነ ወርቅአገኘሁ ማሳ ጋር ይዋሰናል፤ ድንበር ላይ ተጣልተው ታርቀው ነበር፤ እርቁን ያደረጉት ራሳቸው አያ ምንዋጋው ናቸው። ያን ጊዜም ከማሉት አንዱ ነው። አሁን ተነሣና ዙሪያውን አየ።

«ሴት ያየችውን ደግሞ» ብሎ ጀመረ።

አንድም ሰው አብሮት አልሳቀም። ከሴቶቹ በኩል ሌላ ድምፅ መጣ። የደግሰው ሚስት ናት። ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ ፊቷን ወደ መሬት አድርጋ፣ «ጋቢውን እሳት ዳር ያደረቅሁት እኔ ነኝ» አለች። «ዝናብ መታኝ ነበር ያለኝ። ዝናብ አልነበረም።»

ደግሰው ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ፖሊሶቹ ሲይዙት እጁን ራሱ ሰጣቸው።

የኔሰው የወይራውን ግንድ ይዞ ቆሞ ነበር፤ እናቱ ክንዱን ይዛዋለች። ለተሥላሴ ወደ እነሱ አልሄደችም። መንገዱ በእግር ነው፤ ሁለቱ ፖሊሶች ደግሰውን ይዘው ወደ ሰቆጣ ሲወጡ እሷ ከኋላ ተከተለች። መንገድ ላይ አመለጠ የሚል ቃል ነገ መስማት አልፈለገችም። አያ ምንዋጋው ምርኩዛቸውን ይዘው ደረሱባት። ትንሽ አብረው ሄዱ።

«እንግዲህ ቀለለሽ» አሉ።

«አልቀለለኝም፣ አያ ምንዋጋው።»

«አሁንማ ታወቀ።»

«ያን ጊዜም የታወቀ ነበር። ውኃ የምታመላልስልዎት ሴት ታውቅ ነበር።» ዓይኗን ከደግሰው ጀርባ ላይ አላነሣችም። «እናቴ ይህን ሁሉ ዓመት ገበያ ላይ ሰላም ስትለው ኖራለች። ልጆችዎ እንዴት ናቸው እያለች።»

ሽማግሌው እየዘገዩ፣ ወደ ኋላ እየቀሩ ሄዱ። ለተሥላሴ አልጠበቀቻቸውም። የከተማው ቆርቆሮ ከሩቅ መታየት ሲጀምር እርምጃዋን አፈጠነች፤ በፖሊሶቹና በእሷ መካከል የነበረው ክፍተት ጠበበ፤ እስከ ጣቢያው በር ድረስ እንደዚያው ሄደች፤ በሩ ደግሰው ላይ ሲዘጋ ቆማ አየች።