ሽቶ የተረጨው አፈር

የአጎቴ ሚስት ዘመዶች ዛሬም “ለወግ ለማዕረግ ያበቃናት እኛ ነን” እንደሚሉ እሰማለሁ። በኖርሁበት በአጎቴ ቤት የሆነውን ሁሉ አልጽፍም። እስካሁን የሚያስቀኝን ግን አልተውላቸውም።

በንጉሡ ዘመን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዲላ የአጎቴን ሱቅ እጠብቅ ነበር። እሱ ደግሞ ለአንድ የገደብ ከተማ ቡና ነጋዴ ሊድረኝ ቃል ሰጥቷል። በዚህ መሀል ትምህርት ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ አዲስ አበባ ያለው ዩኒቨርሲቲ ለአፈር ላብራቶሪው አንድ የምርምር ረዳት ይፈልጋል፤ አመልካች ከቡና ሥር የተቆፈረ አፈርና ዋስ ይዞ ለፈተና ይቅረብ። ከነጋዴው የማመልጥበት ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ አመለከትሁ።

የአጎቴ ሚስት ወንድምም አመለከተ። እህቱ “ለአዲስ አበባ እንግዳ ጭቃ አይቀርብም!” ብላ አፈሩን ፀሐይ ላይ አሰጣች፣ በወንፊት ነፋች፣ ከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋ ሽቶ ረጨችበት። እኔም ጊዜ ባገኝ ያንኑ አደርግ ነበር። ግን ከሱቅ የተለቀቅሁት በፈተናው ዋዜማ ነው። አሪቻ ወደሚባል የቡና መንደር ሄጄ ዝናብ ውስጥ ቆፈርሁና በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ተመለስሁ።

በማግስቱ አጎቴ ካፖርቱን ለብሶ የሚስቱን ወንድም አጅቦ ትምህርት ቤቱ መጣ። በር ላይ ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “ከቤቴ ላለፈ ሁሉ ዋሱ እኔ ነኝ!” አለ። እኔን ከቁም ነገር አልቆጠረኝም።

ከዩኒቨርሲቲው የመጡት ዶክተር ቆርቆሮዎቹን ይከፍታሉ፣ ፊታቸው ይጠቁራል። ሁሉም አፈሩን አሳምሮ ነው ያመጣው፤ አንዱማ ምጣድ ላይ ቆልቶታል። የኛው ቆርቆሮ ሲከፈት አሸተቱ።

“ይሄ ሽቶ ነው?”

“አዎ ጌታዬ! ከሱቃችን ነው” አለ የአጎቴ ሚስት ወንድም።

“ምነው፣ ሊሞሸር ነው እንዴ አፈሩ?”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀጥሎ የእኔ ኮባ ሲፈታ ትል እየተሳበ ጠረጴዛው ላይ ወጣ።

አጎቴ ዘሎ ተነሣ። “ይቅርታ ጌታዬ! የኔ ቤት ልጅ ናት፣ ዝርክርክ ናት!”

“እንዳይነኩት!” ዶክተሩ ትሉን በመዳፋቸው ከለሉት። “በሕይወት ያለ አፈር ገና አሁን አየሁ። እስቲ ነይ አንቺ፣ የት ቆፈርሽው?”

ያንኑ ቀን ተቀጠርሁ። ዋስ ሲጠየቅ ዳይሬክተሩ ፈገግ ብለው ወደ አጎቴ ዞሩ። “ጋሼ፣ ከቤትዎ ላለፈ ብለው የለ? ይኸው አለፈች።”

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ካፖርቱን ሰብስቦ ፈረመ። እኔ ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ብነክስ፣ በአፍንጫዬ አመለጠኝ።

“ሱቁን ማን ሊጠብቅ ነው?” አለኝ ጥርሱን ነክሶ።

“የሚስትዎ ወንድም ሥራ አላገኘም፣ ጋሼ” አልሁና የሱቁን ቁልፍ እጁ ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ።