የተክሌ መደብ

ባለፈው ሳምንት የኮንዶሚኒየማችን ወጣቶች የፋሲካ ቅርጫ ሊያደራጁ ደጄን አንኳኩ። አንደኛው ዲጂታል ሚዛን አቅፎ ነው የመጣው። «ጋሼ፣ ዘንድሮ በግራም ነው የምንካፈለው፤ ጭቅጭቅ የለም በቃ» አለኝ። ጫማ ስሸጥ ጸጉሬ የሸበተ ሰው ነኝና ጭቅጭቅ የለም ሲሉኝ ትንሽ እጠራጠራለሁ። ሚዛኑን ሳየው ግን ትዝ ያለኝ አባቴ ነው፤ ሥጋ ለማካፈል ሚዛን ነክቶ የማያውቀው አባቴ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ። ካዛንቺስ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አንድ ደንበኛ ሲገባ ሌላው ካልወጣ የማትበቃ የጫማ ሱቅ ነበረችኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤት የቀረነው እኔና አባቴ ነን። አናጺ ነበር፤ ጣውላ በዓይኑ ለክቶ ይቆርጣል። በግቢያችን ቅርጫም ሥጋ መዳቢው እሱ ነው። በሬው ከተገፈፈ በኋላ ከጉበቱም፣ ከሻኛውም፣ ከጎድኑም ለእያንዳንዱ አባል እያደረሰ ሸራ ላይ እኩል እኩል መደብ ይሠራል። «የእኔ አነሰ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ካዛንቺስ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ መዶሻውን፣ ቀጥሎ የቤታችንን መንገድ፣ በመጨረሻ እኔን። እኔን ታላቅ ወንድሙ አድርጎ ሾመኝና «ጋሼ» ይለኝ ጀመር። ታላቁን የሚፈራ ታናሽ ስለነበር «ብላ» ስለው ይበላል፣ «ታጠብ» ስለው ይታጠባል። ልጁ መሆኔን ቢያውቅ ይህን አላገኝም ነበር። ጠዋት ካመለጠኝ ግን ወደ ሰንጋ ተራ ነው፤ የከብት ገበያው ከተነሣ ስንት ዘመኑ፣ እሱ በሬ ሊመርጥ። አንድ ቀን መስቀል አደባባይ ላይ ደረስኩበት። ቆሞ ሯጮቹን ይታዘባል። «ጋሼ፣ እነዚህ ሁሉ ምን ሰርቀው ነው?» አለኝ።

ፋሲካው ሲቃረብ የቅርጫው ሰብሳቢ ጋሽ ወርቁ ሱቄ ብቅ አሉ። የሚገዙ መስለው ሁለት ጥንድ ጫማ አገላበጡ።

«አባትህ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። በጾሙ ብቻ አልተስማማንም፤ በየቀኑ ይፈስካል።»

ሳቁና ጫማውን አስቀመጡ። «ዘንድሮ ከበደ ይመድብ ብለናል። ቢላ ነው፣ እንዳይጎዳ። ደግሞ… ሰው ፊት እንዳይዋረድብን።»

«እኔም ይህንኑ ልልዎት ነበር» አልኩ። አስቤውም አላውቅ፤ ግን እፎይ አልኩ። በዚያው ቀን የአባቴን ቢላ ከአልጋው ሥር አውጥቼ ሱቅ ውስጥ ከአርባ አምስት ቁጥር ካርቶኖች ጀርባ ደበቅኩት። ሰፈራችን አርባ አምስት የሚጫማ ሰው ስለሌለ እዚያ የሚደርስ እጅ የለም።

የፋሲካ ለት ማለዳ አባቴን ዶሮ ወጥ አጉርሼ፣ አስተኝቼ ወጣሁ። በሬው ተገፍፎ ስምንቱ አባላት ሸራውን ከበዋል። ጎረቤታችን ሾፌሩ ከበደ ቢላውን ሲስል የቤታችን በር ተከፈተ። አባቴ ጥቁር ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ የግራ ጫማውን በቀኝ አድርጎ መጣ።

«ቢላዬን ማን ወሰደው?»

ከበደ የራሱን ቢላ እንደ ሌባ ከኋላው ሸሸገ። አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ሰው እየጠበቀኝ እኮ ነው።»

ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ስሜ ሲጠፋው አላለቀሰም፤ ቤቱ ሲጠፋው አላለቀሰም። ሱቄ ድረስ ሮጥኩ። ቢላውን ይዤ ስመለስ ጋሽ ወርቁ ጆሮዬ ሥር «እጁን ቢቆርጥ ባንተ ነው» አሉኝ።

«በእኔ ይሁን።»

ስሙን ብትጠይቀው ይጨነቅ የነበረው ሰው የበሬውን ታናሽ ሥጋ ከሽንጡ ሲለይ ዓይኑን አላሸም። አንዱን ቁራጭ ያነሣል፣ በመዳፉ ያከብደዋል፣ ያስቀምጣል። ሲጨርስ ሁላችንም ተነፈስን። ያን ጊዜ ነው ከበደ የቆጠረው።

«ዘጠኝ መደብ! እኛ ስምንት ነን። አላልኳችሁም? ፈርሶ እንደገና ይመደብ!»

ጋሽ ወርቁ የፈሩት ውርደት ይኸው መጣ። አባቴ ቀና ብሎ ከበደን አየው።

«ተክሌስ?»

ተክሌ የአባቴ የሥራ ባልደረባና የቅርጫው አባል ነበር፤ ከሞተ ሁለት ዓመቱ። ባለቤቱ እትዬ አመለወርቅ ከዚያ ወዲህ ከቅርጫው ወጥተዋል። የሚያዋጡት አጥተው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ደጃቸውን ያንኳኳ ግን የለም።

«ተክሌ እኮ…» ከበደ ሊቀጥል ሲል ጋሽ ወርቁ በክርናቸው ጎሸሙት።

«ይዘገያል» አለ አባቴ። «መቼ በጊዜው መጥቶ ያውቃል? እናንተ ዕጣችሁን አምጡ።»

በደንባችን እያንዳንዱ አባል ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቆርኪ፣ አንዱ የክብሪት እንጨት። የማን የማን እንደሆነ ያላየ ሰው በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። ስምንት ምልክት ተሰበሰበ። አባቴ የኮቱን ቁልፍ በጥሶ ጨመረና «የተክሌ» አለ።

ከበደ ራሱ «ይሁን በቃ፤ እኩል አይደል የመደበው» አለ።

ቁልፉ የወደቀው፣ እኩል ነው ብንልም፣ ሁላችንም ዓይናችንን የጣልንበት መደብ ላይ ነው። ተሸክሜ እትዬ አመለወርቅ ቤት ወሰድኩት።

«ይሄ ምንድነው ልጄ?»

«የጋሽ ተክሌ ዕጣ ነው።»

ሥጋውን ገለጥ አድርገው አዩ። «ሲኖር እንዲህ ያለ ሻኛ ደርሶት አያውቅም» ብለው ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ፋሲካ አብሮን ፈሰከ፤ ሁለቱንም ዘጠኝ መደበ፤ የቆጠረም ሰው የለም። የተክሌን መሞት ረስቶት ነው ወይስ አልረሳውም? አላውቅም። ያሳየሁት ሐኪም በሽተኛው እሱ ነው ብሎ ነበር፤ ያን ዕለት ግን የሚረሳው ማን እንደሆነ ትንሽ ተምታታብኝ።

ባለ ሚዛኑ ልጅ ስሜን ሊመዘግብ ስልኩን አወጣ። ታች ፎቅ፣ ባሏን ከቀበረች ወዲህ በሯን የማትከፍት ጎረቤት አለችን።

«ሁለት ሰው ጻፍ» አልኩት።

«ሁለተኛው ማን ልበል ጋሼ?»

«ተክሌ በል።»

«ጠዋት በጊዜ ይመጣል አይደል?»

«ይዘገያል፤ እናንተ ጀምሩ።»