በወገዳ መንገድ ልጄን ያዘልኩበት አንቀልባ

ባለቤቴ ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ተመድቦ በጤና ባለሙያነት ሲሠራ እኔ ንፋስ መውጫ አስተምር ነበር። ዝውውር ጠይቄ እስኪሳካልኝ ድረስ ቅዳሜ ሲመቸኝ ሴት ልጃችንን ይዤ ወደ እሱ እወርዳለሁ። ልጃችን ያኔ ገና አንገቷ የጸና ሕፃን ነበረች።

አንድ ቀን፣ ክረምቱ ወጣ ሲሉት ተመልሶ የሚዘንብበት ሰሞን፣ የተሳፈርንበት ሚኒባስ አርብ ገበያን አልፎ ጥቂት እንደሄደ ጭቃ ያዘው። ሾፌሩ ጎማው ባዶውን ሲሽከረከር ጊዜ ሞተሩን አጠፋና ዞር ብሎ፣

«እስቲ ውረዱልኝ። መኪናው ሲቀለው ይወጣል፤ እናንተ ዳገቱን በእግር ጨርሳችሁ ጠብቁኝ» አለን።

ወረድን። ልጄን በነጠላ አዝያለሁ፤ በአንድ እጄ ቦርሳ፣ በሌላው ጃንጥላ ይዣለሁ። ጥቂት እንደተራመድኩ ነጠላው ላላ፣ ልጄም ወደ ወገቤ መንሸራተት ጀመረች። ጎንበስ ብዬ ሽቅብ ሳነሳት ጃንጥላዬን ንፋስ ገለበጠው። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። እሷ ታለቅሳለች፤ እኔም ልቀላቀላት ምንም አልቀረኝም።

ከፊቴ አንዲት የስማዳ ሴት ትሄድ ነበር። ጠና ያለ ወንድ ልጇን በቆዳ አንቀልባ አዝላ፣ ሁለት እጇን እያወዛወዘች፣ ዳገቱን እንደ ሜዳ ነው የምትወጣው። የልጄን ለቅሶ ሰምታ ቆመች።

«እቴ፣ ልትወድቅብሽ እኮ ነው!»

«ምን ላድርግ ብለሽ ነው? አልጠብቅ አለኝ።»

አንቀልባውን ፈትታ ልጇን አወረደችው። «አንተ ጠንክረሃል፣ በእግርህ ሂድ» አለችው። ከዚያ የኔን ልጅ ተቀብላ አንቀልባው ውስጥ አመቻቸቻትና ጀርባዬ ላይ አሰረችልኝ። ጠፍሩን በትከሻዬ አሳልፋ ደረቴ ላይ ስታጠብቀው ልጄ ከጀርባዬ ጋር አንድ አካል የሆነች መሰለኝ። ለቅሶዋን አቆመች። እኔም ጫማዬን ከጭቃው አውጥቼ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ቀጥ ብዬ ተራመድኩ። ዳገቱ ጫፍ ሳንደርስ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ሚኒባሱ ወጥቶ ዳግም ስንሳፈር ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጥኩና አንቀልባውን አገላብጬ አየሁት። ቆዳው ከአገልግሎት ብዛት ለስልሷል፤ ጠርዙ ላይ ዛጎል ተሰፍቶበታል። እናቷ እሷን ያዘሉበት እንደሆነ ነገረችኝ። በስንዝር ስለካው አይታ ሳቀች።

«ምነው፣ ልትገዢው ነው?»

«አይ፣ ልሠራ አስቤ ነው። በጨርቅ።»

«ጨርቅማ ይቀደዳል!» አለች፤ ግን ጠፍሩ ከየት ተነስቶ የት እንደሚታሰር ፈትታ እያሰረች አሳየችኝ።

ወገዳ እስክንገባ ድረስ ሌላ ነገር አላሰብኩም። እኛ የከተማ ሴቶች አንቀልባ የገጠር ነው ብለን ትተነዋል። ሥራ ቦታም ገበያም የምንሄደው ልጁን በአንድ እጃችን ደግፈን፣ በሌላው ነጠላችንን ይዘን ነው። ቆዳው እንደሚከብድና እንደማይታጠብ አውቃለሁ። በጠንካራ ጨርቅ፣ በሚያምር ቀለም ቢሰፋስ? አባቴ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናውን ወርሼ ትምህርት ሲዘጋ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋበታለሁ። እጄ ሥራውን ያውቀዋል።

ንፋስ መውጫ እንደተመለስኩ ወደ ጨርቅ ነጋዴው ሱቅ ሄድኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ አዛውንት ሙስሊም ናቸው፤ ለአባቴ ክርና ቁልፍ የሚሸጡለት እሳቸው ነበሩ።

«ሐጂ፣ ሸራ ቁረጡልኝ።»

«ድንኳን ልትተክዪ ነው?»

«ልጅ ላዝልበት ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ነገሩን ስነግራቸው ሸራውን መልሰው ጠቀለሉና ሌላ አወጡልኝ። «ይኼኛው ለስለስ ይላል፤ የልጅ ገላ አይልጥም» አሉ።

የመጀመሪያው ሥራዬ አላማረም። መልኩ ደስ ይላል፤ ልጄን አዝዬ ጎንበስ ስል ግን ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ጠፍሩን ባሳጥረው ትከሻዬን ቆረጠኝ፤ ባስረዝመው ባሰበት። ሁለት ጊዜ ተርትሬ ሰፋሁትና አኩርፌ ጥግ ላይ ጣልኩት።

መፍትሔው የመጣው አርብ ገበያ፣ የገበያ ቀን፣ ድንች ልገዛ በወረድኩበት ነው። አንድ አዛውንት ከበቅሎ ሲወርዱ አየሁ። ኮርቻው ቁልቁለት ወርዶ፣ ዳገት ወጥቶ ቦታውን አልለቀቀም። ምን እንደያዘው ሳይ፣ በበቅሎዋ ደረት ዞሮ በዘለበት የተቆለፈ ሰፊ ጠፍር ነበረ። ድንቹን ትቼ ወደ በቅሎዋ ተጠጋሁ።

«ልጄ፣ ትራገጣለች!» አሉኝ።

«አባቴ፣ ይችን ጠፍር ብቻ ልያት።»

«ምኗ ይታያል?» አሉ፤ ግን በቅሎዋን ያዙልኝ።

ቤቴ ገብቼ ቀጭኑን ጠፍር በሰፊ ለወጥኩት፤ ደረት ላይ የሚቆለፍ ዘለበት ጨመርኩበት። ልጄን አዝዬ ግቢውን ዞርኩ። ጎንበስ አልኩ፣ ተነሳሁ፣ ውኃ ቀዳሁ። ንቅንቅ አላለችም። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ጎረቤቴ ምን ሆነች ብላ በአጥር አየችኝ።

በዚያው አንቀልባ ልጄን አዝዬ ትምህርት ቤት ስሄድ ባልደረቦቼ መጀመሪያ ቀለዱብኝ። «ባላገሯ መጣች!» አለች አንዷ። በሳምንቱ ለእህቷ አራስ ልጅ እንድሰፋላት የጠየቀችኝ ግን ራሷ ናት። ከእሷ በኋላ ባንክ የምትሠራ እናት መጣች፤ ከዚያም ባለቤቴ ወገዳ ወስዶ ለሥራ ጓደኞቹ አሳያቸው። ከመካከላቸው አንድ ወጣት አባት ልጁን አዝሎ ገበያ መሃል አለፈ አሉ። ሰው ከበበው፤ እሱም «ምን አለበት፣ ልጄ አይደለም እንዴ?» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ዛሬ ጎረቤቴ አብራኝ ትሰፋለች፤ እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እገጥማለሁ። ዝውውሬም ተሳክቶ ሳይሆን፣ ባለቤቴ ራሱ ንፋስ መውጫ ተመልሶ አብረን ነን። አሁንም አስተምራለሁ፤ ማስተማሩን እወደዋለሁ። መንገድ ስሄድ ግን እንደ ድሮው ስልኬ ላይ አላቀረቅርም። ሰው ዕቃውን እንዴት እንደሚሸከም፣ ምን እንደሚያስቸግረው አያለሁ።

ባለፈው ለአክስቴ ልጅ ሠርግ እስቴ ሄጄ ነበር። ዳሱ ውስጥ አንዲት ሴት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አንዱን ሕፃን ታቅፋለች፣ ሌላውን አዝላለች።

«አንቀልባ የምትሰፊው አንቺ ነሽ አሉኝ» አለች።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ለመንታ ትሠሪያለሽ?»

ሠርቼ አላውቅም። ግን የታቀፈችውን ተቀበልኳትና ክብደቱን በእጄ መዘንኩ። ዘፈኑ ደምቆ ሰው ሁሉ ለእስክስታ ሲነሳ እኔ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ቢሆን ጠፍሩ በየት በኩል ይዞራል እያልኩ ነበር።