የልጄ ረጅም ውዱ

ልጄን ያመሰገንኳት እኔ ነኝ። ከዚህ ብጀምር ይሻላል፤ ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ ያኔ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበረች። ወንድሞቿ ለሶላት ውዱ፣ ከስግደት በፊት ያለውን ትጥበት፣ ሲያደርጉ ፊታቸውን ረጨት አድርገው፣ እግራቸውን ውሃ አስነክተው ሲሮጡ እሷ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታሻለች፣ ክርኗን ደግማ ታያለች። እኔ ሸማ ተራ ውስጥ ጋቢና ነጠላ ስሸጥ ጸጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ፤ ተጣድፎ የተሠራ ነገር አልወድም። ጥለቱ የተዛነፈ ነጠላ ካየሁ ለሸማኔው እመልሳለሁ። ስለዚህ ወንዶቹን ሰብስቤ፣ እህታችሁን እዩ፣ አላህ ፊት የሚቆም ሰው እንዲህ ነው የሚታጠበው እላቸው ነበር። ለደንበኞቼም አወራ ነበር። እሷ አጠገቤ ቆማ ስትሰማ አንገቷን ትደፋለች። ከአክብሮት መስሎኝ ነበር።

ግቢያችን ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። በመጣ ቁጥር በርሜሉን እንሞላለን፤ ጎረቤትም ከእሱ ይቀዳል። ክረምቱ ሲያበቃ በርሜሉ ከወትሮው ቀድሞ ማለቅ ጀመረ። አጠገባችን የሚኖሩት አሮጊት ለማንም የማይመለሱ ሴት ናቸው። አንድ ጠዋት ባዶ ባልዲ ይዘው ደጃፌ ላይ ቆሙና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ጀነትን በበርሜል ነው እንዴ የምትገዛው? ለእኔም ለሻይ የሚሆን ታስተርፍልኝ» አሉኝ። ሳቅሁ። እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ።

በዚያው ሰሞን ልጄ መጠየቅ ጀመረች። ታጥባ ስትመጣ፣ «አባ፣ ውዱዬ ልክ ነው?» ትለኛለች። ልክ ነው፣ ሂጂ ስገጂ እላታለሁ። ፊቷ ፈታ ይላል። መስገጃው ላይ ትቆማለች፤ ሳትጀምር ተመልሳ ትመጣለች። ክርኔን የነካሁት አልመሰለኝም ትላለች። ነክተሻል እላታለሁ። እንደገና ትታጠባለች፣ እንደገና ትጠይቃለች። እኔ የተጠየቅሁትን ሳልመልስ ማለፍ የማልወድ ሰው ነኝ። ሱቅም ቤትም የምከበረው መልስ ስላለኝ ነው። ስለዚህ በጠየቀችኝ ቁጥር እመልስላት ነበር፤ አንዳንዴ በትዕግሥት፣ አንዳንዴ በጩኸት።

ትምህርቷ ላይ ማርፈድ፣ ቀጥሎም መቅረት ጀመረች። የቀትሩ የዙህር ሶላት ሳይስተካከልልኝ ከቤት አልወጣም ትላለች። ለሚቀጥለው መንፈቅ መመዝገቢያው እየደረሰ ነበር፤ ካልተመዘገበች የደከመችበት ሁሉ ሊቀር ነው። ስንፍና ነው አልኩ። የበርሜሉን ክዳን በሰንሰለት አስሬ ቆለፍኩት፤ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ሱቅ ሄድኩ። ያን ቀን አባትነቴን የተወጣሁ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከመስጊድ ተደወለልኝ። ልጄ ከዙህር ጀምሮ የሴቶቹ ውዱ ማድረጊያ ጋ ተቀምጣለች፣ የአስር ሶላት ሊደርስ ነው፣ ተነሺ ቢሏትም አልተነሳችም አሉኝ። ሄድኩ። ሴቶቹ ደግፈው ሲያወጧት እጇን አየሁት። ለካ ያን ያህል ጊዜ እጇን አይቼው አላውቅም፤ በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። በጣቶቿ መሃል ቆዳዋ ተሰንጥቆ ይደማል።

ሼሁ ከጫማ ማስቀመጫው አጠገብ አስቀመጡኝ። ምን ያህል ጊዜ እንደሆናት ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አመሰግናት እንደነበር ግን አልነገርኳቸውም። ቁርአን እንዲያነቡላት፣ እንዲቀሩላት ለመንኳቸው።

«እቀራላታለሁ» አሉ። «ግን ይሄ ወስዋስ ነው፤ ዒባዳ፣ አምልኮ አይደለም። ታጥቦ ከጨረሰ በኋላ የሚመጣን ጥርጣሬ ተወው ነው የሚለን ዲኑ። እሷ መተው ካቃታት ታማለች ማለት ነው። ሐኪም ጋ ውሰዳት።»

ወስዋስ የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሸይጧን በልብ የሚያንሾካሹከው ጥርጣሬ ነው። ሐኪም የሚያየው ነገር መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ከመጻሕፍት ነው ያገኘሁት፤ ሲኒማ ራስ አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ሰዎች እየገዛሁ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ እያነበብኩ። ስለ ሕግም ስለ ታሪክም መከራከር እችላለሁ። ስለ አእምሮ ግን የማውቀው ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነበር፤ እብድና ጤነኛ።

ጤና ጣቢያ ያገኘናት የአእምሮ ጤና ነርስ በዕድሜ ከልጄ ብዙም አትበልጥም፤ ይሄ መጀመሪያ አላስደሰተኝም። ልጄን ብቻዋን ስታነጋግራት ቆይታ እኔን አስገባችኝ። እኔም ደብተሬን አውጥቼ፣ የልጄ እብደት ስንተኛ ደረጃ እንደሆነ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት።

«ጋሼ፣ ደረጃ አይደለም፤ ዓይነት ነው» አለችኝ።

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ሰው የሌለ ድምፅ የሚሰማበት፣ ያልሆነውን ሆነ ብሎ የሚያምንበት ሕመም አለ፤ ሕዝቡ እብደት የሚለው ይሄንን ብቻ ነው። ስሜት አንድ ሰሞን ጣራ ነክቶ እንቅልፍ የሚያሳጣ፣ ሌላ ሰሞን መሬት ላይ የሚጥል አለ። ያለ በቂ ምክንያት ልብን የሚያስደልቅ፣ ከሰው ፊት የሚያሸሽ የጭንቀት ሕመም አለ። ድብርት አለ። ስለ ድብርት ስትናገር እጄ መጻፉን አቆመ። እናቴ ወሎ ሳለን አንድ ዓመት ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር፤ ማጀቱም ልጆቹም አይታዩዋትም ነበር። አባቴ ሰነፈች አለ። እኔም ልጅ ሆኜ እሱ ያለውን ፊቷ ላይ ደገምኩት። ከሞተች ቆይታለች። ይሄን ለነርሷ አልነገርኳትም፤ ደክሞኝ ነበር።

የልጄ ከእነዚህ ሁሉ ሌላ ነው። አንድ ሃሳብ ሳይፈለግ ይመጣል፤ ቆሽሻለሁ፣ ውዱዬ ተበላሽቷል ይላል። እሱን ለማስወገድ ሰውየው ይታጠባል፣ ይቆጥራል ወይም ይጠይቃል። ለጊዜው ይቀለዋል። ስለቀለለው ሃሳቡ በርትቶ ይመለሳል። ልጄ ሃሳቡ ትክክል እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ታውቃለች ግን ማቆም አትችልም። ነርሷ መድኃኒት እንደሚታዘዝላትና በየሳምንቱ እየመጣች ጥርጣሬው እያለ ሳትታጠብ መቆየትን እንደምትለማመድ ነገረችኝ። ቀጥሎ የኔን ድርሻ ነገረችኝ፤ ስትጠይቀኝ እንዳልመልስላት።

ተከራከርኳት። ያዘነን ማጽናናት፣ የፈራን አይዞህ ማለት እንዴት ክፉ ይሆናል አልኳት።

«ላዘነ ሰው ጥሩ ነው» አለች። «ይህኛውን ግን የሚቀልበው የእርስዎ መልስ ነው። ዓይነቱን መለየት ለዚህ ነው የሚጠቅመው፤ ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ያባብሰዋል።»

በመጨረሻ እሺ ብዬ ቃል ገባሁላት፤ ቤት ስገባም ሰንሰለቱን ፈታሁ። መልስ መስጠቱን ግን አልተውኩም። ልጄ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ስትጠይቀኝ ዝም እላለሁ፤ ነገር ግን አንገቴን እነቀንቅላታለሁ። ቃል ስላልወጣኝ ቃሌን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ነርሷ፣ አባትሽ መመለሱን ተዉ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«አዎ፣ አባ አይመልስም» አለች ልጄ። «ይነቀንቅልኛል።»

ነርሷ ሳቋን ዋጠች። እኔ ደብተሬን አየሁ። መነቅነቅም መልስ ነው ጋሼ አለችኝ፤ ለምን እንዳልቻልኩም ጠየቀችኝ። እውነቱን ተናገርኩ። ዝም ስል አባት መሆኔ ይቀርብኛል አልኳት። ያመሰገንኳት እኔ መሆኔንም ያን ቀን ልጄ ባለችበት ተናገርኩ። ልጄ ግድግዳውን እያየች፣ ባመሰገንከኝ ቁጥር ማቆም ይበልጥ ይከብደኝ ነበር አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ልጆች ያላችሁ ሰዎች ይሄን ከኔ ስሙ። የምታመሰግኑት ነገር ልጃችሁን እያስደሰታት ይሁን እያስጨነቃት ጠይቁ። እኔ የነጠላውን ጥለት ያህል እንኳን አልመረመርኩም።

ነርሷ ጋ በሄድን በማግስቱ አርብ ነበር፤ ሱቅ ዘግቼ ቤት ዋልኩ። የአስር ሶላት ሲደርስ አንድ ጊዜ ታጠበች። ከእጇ ውሃ እየተንጠባጠበ ፊቴ ቆመች።

«አባ፣ ውዱዬ ልክ ነው?»

ነርሷ በዋዜማው ያስተማረችኝን አልኩ። «የሚጠይቀኝ ሕመምሽ ነው። ለሱ አልመልስም። አንቺ ግን አጠገቤ ተቀመጪ።»

«አንዴ ብቻ። በአላህ፣ አንዴ ብቻ ንገረኝ።»

አንገቴ እንዳይነቀነቅ አገጬን በእጄ ያዝኩ።

«ጀሀነም ብገባ ምንህም አይደለም ማለት ነው» አለችኝ።

ይሄን ከልጅ አፍ ሰምቶ ዝም ማለት ምን እንደሚመስል መጻፍ አልችልም። ወደ በርሜሉ ዞረች፤ ክዳኑ ክፍት ነው። ቆመች። ብዙ ቆመች፤ የእጇ ውሃ እስኪደርቅ ድረስ። ከዚያ እያለቀሰች መስገጃው ላይ ወጣችና ሶላቷን ጀመረች። ስትጨርስ አላየችኝም። 

መመዝገቢያው አለፈ። ነርሷ ከዚህኛው ቀጥሎ ላለው መንፈቅ ትደርስ ይሆናል ትላለች፤ ወራት እንደሚወስድም ነግራኛለች። ያን አርብ የመግሪብ ሶላት ሲደርስ እንደገና ጠየቀችኝ። እንደገና አልመለስኩላትም።