ስድስት አንባቢ፣ አንድ መጽሐፍ፤ ከቁስቋም ሥር እስከ ከተማ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ የትምህርት ቤታችን በር

የጉዞ ማስታወሻ ሲባል ጎጃም ወይም ሐረር የጠበቀ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። የእኔ ጉዞ ጉለሌ፣ ከቁስቋም ሥር ተነሥቶ ከተማ መሀል ደርሶ የሚመለስ፣ እጁን አወናጭፎ ለሚሄድ ሰው ከቁርስ በፊት የሚያልቅ መንገድ ነው። እኔ ግን ስድስት የሁለተኛ ክፍል ልጆችና አንድ ሣንቃ ሙሉ ጭቃ ይዣለሁ።

ጭቃው ሰፈራችን ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤቱ እስከ ቁስቋም ማርያም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ምንጩ በእርምጃ እየቆጠሩ ለክተው፣ መቶውን እርምጃ አንድ ጣት አድርገው ሠርተውታል። እንጦጦ ከላይ ተቆልሏል፤ ባሕር ዛፎቹ የጽድ ቅጠል ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ትናንት ማታ ስላደሱት ገና አልደረቀም። እንዳይነኩት ነግሬያቸው ነበር፤ ማን ሰምቶኝ።

እንዲህ ያለውን የእጅ ሥራና በትንንሽ ቡድን ማንበብን ትምህርት ቤታችን ውስጥ የጀመርኩት እኔ ነኝ። አርባ ስምንት ልጆች አሉኝ፤ የንባብ መጽሐፍ ግን ስምንት ብቻ። ስለዚህ ስድስት ስድስት አድርጌ በአጭር ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጥኳቸው፤ መጽሐፉ መሀል ላይ ይዘረጋል፣ በየተራ ያነባሉ። ለቀሩት መጻሕፍት ከተማ ወዳለው መሥሪያ ቤት ዓመት ሙሉ ጻፍኩ። ስሙን ብጠራ ጋዜጣው ጽሑፌን አያወጣልኝም። በመጨረሻ «አንድ ቡድን ከነእጅ ሥራው ይምጣና እንየው፤ ስለ መጽሐፍ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» የሚል መልስ መጣ።

የመረጥኩት የአስካለን ቡድን ነው፤ ከክፍሉ እንደ እሷ የሚያነብ የለም። አባቷ አቶ ወልዴ ወፍጮ ቤት ይሠራሉ፤ ዱቄት የለበሰ ኮታቸውን እንደ ደረቡ በር ድረስ ሸኝተዋታል።

«መምህርት፣ የሰኔው ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል» አሉኝ። «ካለፈች ደግ። ክፍል ከደገመች ግን ሱሉልታ እህቴ ዘንድ ትሄዳለች። ሁለት ዓመት አንድ ክፍል የምትቀመጥ ልጅ የማስተምርበት አቅም የለኝም።»

«አስካለ የምትደግም ልጅ አይደለችም» አልኳቸው፣ ደረቴን ነፍቼ።

አንድ ሰዓት፣ ጋሪ ላይ

አውቶቡሱ «ጭቃ አንጭንም» ብሎ ትቶን ሄዷል። ባለጋሪው ጋሽ ድንቁ አንድ ብር ጠየቀኝ፤ ስሙኒ አልኩት፤ በሃምሳ ሳንቲም ታረቅን። ሦስቱ ልጆች ከሣንቃው ጋር ተጫኑ፣ ሦስቱ ከእኔ ጋር በእግር።

መቶ ክንድ ሳንሄድ ፈረሱን አቆመ።

«እሜቴ፣ ይኼ ምንጭ ቦታው እዚህ አይደለም።»

«ቆጥረነዋል» አለው ገመቹ፣ ከጋሪው ላይ። ገመቹ የቡድኑ ለኪ ነው። «ከትምህርት ቤት አራት መቶ እርምጃ ነው።»

«የማን እርምጃ? ያንተ? እኔ እዚህ ሰፈር ሃያ ዓመት ጋሪ ነድቻለሁ።»

«የሁላችንም። ሦስት ጊዜ ቆጠርነው።»

ለቀባሪው አረዱት ይሉሃል ይህ ነው። ሰውዬው ወርዶ በአለንጋው ጫፍ አዲስ የምንጭ ቦታ ሊቀድልን ሲል እጁን ያዝኩ። ፈረሱ ሣር ይግጣል፣ ፀሐይዋ ከፍ ትላለች፣ እኛ ቆመን ስለ ምንጭ እንከራከራለን። «እሺ ይሁንላችሁ፤ ግን ውሸት ነው» ብሎ ነዳ።

ሁለት ሰዓት፣ ቁልቁለቱ ላይ

ከቅዳሴ የሚመለሱ አንዲት እናት ጋሪውን በእጃቸው አስቆሙ። ነጠላቸውን አጣፍተው የጭቃዋን ቤተ ክርስቲያን ሦስት ጊዜ እጅ ነሡና፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ጎንበስ ብለው ጉልላቷን ተሳለሙ። ቀና ሲሉ ከንፈራቸው ጭቃ ነው፤ ከጭድ የተሠራው መስቀል ነጠላቸው ላይ ተሰክቷል።

«እማማ፣ የልጆች ሥራ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ቢሆንስ? የሷ አምሳል አይደለም እንዴ?» አሉና ገላመጡኝ። «ደግሞ ማርያምን በጋሪ አታንገላቷት።»

ከኋላቸው የመጡት ሁለት ሰዎችም ሳይሳለሙ አላለፉም። ጉልላቱ እንደ ተቀመጡበት ቆብ ጠፍጣፋ ሆነ። ልጆቹ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፤ የታዘዝነው ለሦስት ሰዓት ነው።

ሦስት ሰዓት፣ የመሥሪያ ቤቱ በር

ዘበኛው ጭቃ ወደ ቢሮ አይገባም አለ። ደብዳቤውን አሳየሁት። ደብዳቤው «የእጅ ሥራ» ይላል እንጂ ጭቃ አይልም አለኝ። በመጨረሻ ከሣንቃው ሥር አሮጌ ጋዜጣ እንድናነጥፍ ተስማማን። ደብዳቤውን የጻፉልን ኢንስፔክተር ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። ስብሰባው አልቆ ሻይ ላይ ናቸው ተባልን። ሻዩ አልቆም ነገ ብትመጡስ ተባልን። እኔ አግዳሚው ላይ ተተክዬ ቀረሁ። ልጆቹ የያዙትን ቆሎ ጨርሰው በመስኮት የሚያልፈውን ማኪና ይቆጥራሉ።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ሁለተኛ ፎቅ

ኢንስፔክተሩ መነጽር ያደረጉ ወፍራም ሰው ናቸው። ከግርማዊነታቸው ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጠው ሣንቃውን ዞር ዞር አድርገው አዩት።

«ከምንጩ በላይ እኔ መሬት አለኝ። የታለ?»

«እዚያ አጥር ብቻ ነው ያለው ጌታዬ» አለ ገመቹ። «አጥሩን ሠርተነዋል።»

የእጅ ሥራው ነገር በዚሁ አበቃ። ከዚያ ተነሥተው አንድ ባለ መስተዋት ቁም ሳጥን ከፈቱ። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው፤ የእኛው የንባብ መጽሐፍ፣ አዲስ፣ እሽጉ ያልተፈታ፣ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ስድስት አውጥተው በረድፍ ለተቀመጡት ልጆች አንዳንድ ሰጧቸው።

«አስካለ ትጀምር» አልኩ፣ ልኮራባት።

አስካለ መጽሐፉን ተቀበለች፣ አየችው፣ ገልብጣ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ኢንስፔክተሩ ሳቁ።

«ወይዘሪት፣ የመጽሐፍ አያያዝ አላስተማሯቸውም እንዴ?»

«አስካለ፣ አዙሪው።»

አዞረችው። በጣቷ እየተከተለች ሁለት ቃል አወጣች፣ ሦስተኛው ላይ ቆመች። ግንባሯን ላበው። በዚህ መካከል ገመቹን ባየው እሱም መጽሐፉን አግድም ይዞ ተራውን ይጠብቃል።

«እትዬ» አለኝ ገመቹ፣ ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዳ፣ «አስካለ እኮ የምትቀመጠው ማዶ ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ዓመት ሙሉ ሥነ ሥርዓት እያልኩ እያንዳንዱን ልጅ አንድ ቦታ ላይ ተክዬዋለሁ። ሲሻሙ አንድ ገጽ ስለ ቀደዱ መጽሐፉን ማዞር ከልክያለሁ። ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ነጠላ ቃል ነው፤ ሙሉ ገጽ የሚያዩት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። በመጽሐፉ ግርጌ በኩል የተቀመጡት ሁለቱ በቀጥታ፣ በጎንና በጎን ያሉት አግድም፣ ማዶ ያሉት ሁለቱ ደግሞ ተገልብጦ ማንበብ ተምረዋል። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። አፈርኩ።

«እንደ ልማድሽ አንብቢ» አሏት ኢንስፔክተሩ።

ገልብጣ አንበለበለችው። በቃሏ የያዘችው መስሏቸው አይታው የማታውቀውን የመጨረሻውን ገጽ ከፈቱላት፤ ያንንም ሳትደናቀፍ ጨረሰችው። ከጎረቤት ቢሮ ሰዎች ተጠርተው መጡ። ጉድ ነው ተባለ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ኢንስፔክተሩ ስድስቱን መጻሕፍት አንድ በአንድ ከልጆቹ እጅ ሰብስበው ቁም ሳጥኑን ቆለፉ።

«ዘዴዎ ግሩም ነው ወይዘሪት። ስድስት ልጅ በአንድ መጽሐፍ፣ ያውም በየትኛውም ጎን። ለሌሎቹም ትምህርት ቤቶች እንጽፍላቸዋለን። እርስዎ የያዙት ስምንቱ ይበቃል ማለት ነው።»

«ጌታዬ፣ የሰኔው ፈተና ምንባቡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው የሚነበበው። ይህች ልጅ በቀጥታ ማንበብ አትችልም። በሦስት ሳምንት እንድትማር የራሷ መጽሐፍ ያስፈልጋታል። አንድ እንኳ።»

«እንግዲህ ግድግዳውን አናዞርላትም» አሉ። ሰዎቹ ሳቁ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ዳገቱ

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ፤ ለኢንስፔክተሩ ያልደፈርኩትን ሁሉ በር ላይ ሲጠብቀን በዋለው በጋሽ ድንቁ ላይ አወረድኩት። ፈረሱ አዘገመ፣ ጋሪው ተንገጫገጨ፣ አለንጋው ጮኸ እያልኩ ነዘነዝኩት። እሱ ወርዶ በእግሩ ሄደና አስካለን በቦታው አስቀመጣት።

«እትዬ፣ አጥፍቻለሁ?» አለችኝ።

«አላጠፋሽም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ሰውዬው ግን አጨበጨቡልኝ።»



አሥር ሰዓት ተኩል፣ ትምህርት ቤት

አቶ ወልዴ በሩ ላይ ቆመዋል።

«አነበበች?»

«አንብባለች። ግን ከዛሬ ጀምሮ ከትምህርት በኋላ እንድትቆይ ይፍቀዱልኝ።»

«ካነበበች ሌላ ምን ቀራት?»

በበር ላይ ወሬ የሚገባቸው አልመሰለኝም፤ ክፍል ውስጥ አስገብቼ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። በአስካለ በኩል እንዲህ ነው፣ በፈተናው በኩል እንዲህ ነው እያልኩ አዟዟርኩላቸው። አቶ ወልዴ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ለኔ በየትም በኩል አንድ ነው መምህርት» አሉ ቀስ ብለው።

አስካለን አስነሥቼ ገጹ ቀጥ ብሎ በሚታይበት በኩል አስቀመጥኳት፤ እኔ ማዶ፣ በእሷ ቦታ ተቀመጥኩ። አንድ መስመር እሷ፣ አንድ መስመር እኔ ተባባልን። እሷ ሁለት ቃል አውጥታ ቆመች። ተራው የእኔ ሆነ። በየቀኑ የማስተምረውን ገጽ፣ ሆሄው ሁሉ እግሩን ሰቅሎ ሲመጣብኝ፣ የመጀመሪያውን ቃል አጣሁት። ገመትኩ፤ ተሳሳትኩ። እንደገና ገመትኩ።

«አይገምቱ እትዬ» አለች አስካለ፣ ጣቴን ይዛ ከፊደሉ ሥር እያስቀመጠችልኝ። «ቀስ ይበሉ። እኔም በዚያ በኩል መጀመሪያ አቅቶኝ ነበር።»

አቶ ወልዴ ባርኔጣቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ትቆይ» አሉ።